የእቃቃ ባቡር

አማርኛችን አንድን ሥራ ለማናናቅ ሲፈልግ የሚመዘው ቃል አያጣም። ከሁሉም የሚከፋው ግን «እቃቃ» ሳይሆን አይቀርም። ስብሰባ ሲናቅ «የእቃቃ ጨዋታ» ነው፤ ሦስት ወር ሳይሞላው የፈረሰ ትዳር «እቃቃ» ነበር፤ ከስሮ የተዘጋ ሱቅ «ድሮስ የእቃቃ ንግድ አልነበር?» ተብሎ ይሸኛል። ቃሉ የልጆች ነው። በጣሳ ክዳን እንጀራ ጋግረው፣ በቆርኪ ቡና ቀድተው፣ አንዱ አባት አንዷ እናት ሆነው ሲጫወቱ የሚውሉበት ነው። እኛ አዋቂዎቹ ተቀብለናቸው ስድብ አደረግነው።

ይሄን ያነሳሁት ሰሞኑን ከወዳጆቼ ጋር በአንድ ጨዋታ ምክንያት ክርክር ገጥመን ስለነበር ነው። ጨዋታው የኛ አገር አይደለም። በጀርመን፣ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካ፣ በጃፓን ጡረታ የወጣው መሐንዲስ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛው ምድር ቤቱን ወይም ጣሪያ ሥር ያለችውን ክፍል ይዘጋና ባቡር ይሠራል። የምር ባቡር አይደለም፤ «አሻንጉሊት ነው» ብትሉት ደግሞ ይቀየማችኋል። በጣም የተለመደው ልክ 1 ለ 87 ነው። እውነተኛው ባቡር 87 ሜትር ቢረዝም የእሱ 1 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በዚሁ ልክ ሎኮሞቲቩና ፉርጎው ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ጣቢያው፣ ድልድዩ፣ ዛፉ፣ ጣቢያው ላይ ቆማ የምትጠብቀው ሴትዮ፣ የያዘችው ዣንጥላ ሳይቀር ይሠራል። ባቡሩ እንደ ታላቅ ወንድሙ የሰዓት ሰሌዳ አለው። ከዘገየ ባለቤቱ ያፍራል። ሃምቡርግ ከተማ ውስጥ ሁለት መንታ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2001 የከፈቱት ሥፍራ አለ፤ ከ1,000 በላይ ትንንሽ ባቡሮች ይርመሰመሱበታል፤ ሰው ቲኬት ቆርጦ፣ ተሰልፎ ነው የሚያየው።

ወዳጆቼ ይሄን ስነግራቸው ሳቁ። አንደኛው፣ የተማረ ሰው ነው፣ መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ «ጠግበው ነዋ!» አለ። ነገሩ ተዘጋ ማለት ነው። በኛ አገር «ጠግበው ነው» ከተባለ በኋላ ይግባኝ የለም።

እኔ ግን ይግባኝ አለኝ።

መጀመሪያ ነገር፣ ጨዋታው ለብቻ የሚጫወቱት አይደለም። በአውሮፓ ያሉት ማኅበርተኞች አንድ ደንብ አላቸው። እያንዳንዱ ሰው ቤቱ ውስጥ የሚሠራው የመንገዱን አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ሜትር ወይም ሁለት ሜትር የምትሆን። መሐሉን እንደፈለገ ያድርገው፤ ተራራ ቢያቆምበት፣ ገበያ ቢተክልበት፣ ላም ቢያሰማራበት ጠያቂ የለውም። ሁለቱ ጫፎች ግን የእሱ አይደሉም፤ የማኅበሩ ናቸው። የሐዲዱ ስፋት፣ ከመሬት ያለው ከፍታ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው አገጣጠም ከሌላው ጋር አንድ መሆን አለበት። ከዚያ በዓመት አንዴ ሁለቴ ሁሉም ቁራጩን በመኪና ጭኖ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ይመጣል፤ ጫፍ ከጫፍ ይገጥሙታል፤ አንድ ረጅም አገር ይሆናል። ከማያውቀው ሰው መንደር የተነሳ ባቡር በእሱ ድልድይ አልፎ ወደ ሦስተኛው ሰው ጣቢያ ይገባል። የጋይንት ገበሬ ይሄን ቢያይ ስሙን ለመስጠት አይቸገርም፤ ደቦ ነው። ልዩነቱ ደቦው ለጨዋታ መሆኑ ነው፤ ጠብ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ወደ ጋይንት ያመጣኝ ደግሞ ያ «ጠግበው ነው» የሚለው ፍርድ ነው። ጥጋብ ከሆነ ምክንያቱ፣ ያልጠገበ አገር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር አይገባም። እንግዲህ በደቡብ ጎንደር በስተምሥራቅ ያሉትን ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትን፣ ስማዳን ተመልከቱ። መሬቱ ታርሶ ታርሶ አጥንቱ የወጣ ነው። የሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ እነዚህ አሉበት። በጥጋብ የሚታማ ሰው የለም። ታዲያ እዚያ የሚያድግ ልጅ ምን ሲሠራ ይውላል?

መኪና ሲሠራ ይውላል።

ስማዳ ቆላው ላይ ማሽላ ሲታጨድ አገዳው ለልጆች ገበያ ነው። ልጡ ይላጥና እንደ ሚስማር ይሾላል፤ ውስጡ ያለው ነጭ ቡሽ እንደ ግንድ ይቆረጣል፤ ያለ አንድ ሚስማር፣ ያለ አንድ ጠብታ ማጣበቂያ አልጋ፣ ወንበር፣ መኪና ይቆማል። እስቴ ደጋው ላይ ክረምት ሲወጣ ጭቃው በሬ ይሆናል። ተራ በሬ እንዳይመስላችሁ፤ ሻኛው የት ላይ እንደሚያርፍ፣ ቀንዱ ወደፊት የዞረ ይሁን ወደኋላ፣ ልጁ ያውቃል። የሚጠመደው በቀንበር ነው፤ ሞፈሩ ከቀንበሩ፣ እርፉ ከሞፈሩ፣ ድግሩ ከግራና ቀኝ በየቦታው ይገባል። ማረሻ ጎድሎ ያየሁት የጭቃ ጥማድ የለም። አንዱ እረኛ በሬዎቹን ጠምዶ አንዲት ስንዝር መሬት ሲያርስ አይቼ፣ እውነተኛዎቹ በሬዎች ሰው ማሳ ገብተው እንደነበር ልነግረው አልደፈርኩም።

ዋናው ግን የሽቦ መኪና ነው፤ መዲናውም ንፋስ መውጫ ይመስለኛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከወረታ ወደ ወልዲያ የሚሄደው መንገድ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት ነው። ለዚያ አገር ልጅ ይሄ መንገድ ሲኒማ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍትና የመሐንዲስ ትምህርት ቤት ነው። ቁጭ ብሎ የሚያልፈውን ያጠናል። ሽቦ ከአጥር፣ ጎማ ከተጣለ ኮንጎ ጫማ ሶል፣ መብራት ከቆርኪ፣ የጭነት ሣጥን ከሳርዲን ቆርቆሮ ወይም ከተቀደደ ጀሪካን። ረጅም ሽቦ ከፊት እግሩ ወደላይ ይወጣና ጫፉ ላይ መሪ ይሆናል፤ ልጁ ቀጥ ብሎ እየሮጠ ይነዳዋል። «ምንድነው ይሄ?» ብላችሁ ብትጠይቁት «መኪና» አይላችሁም፤ ሊሰደብ የመጣ ሰው መሰላችሁት ማለት ነው። «ኤንትሬ» ይላችኋል፤ ወይም «ቅጥቅጥ»፤ ወይም «አይሱዙ»። በምን እንደሚለዩ ጠይቄ ነበር፤ የግንባሩን አወራረድ፣ የባልስትራውን ብዛት፣ የኋላ እግሩ ነጠላና ድርብ መሆኑን ቆጠረልኝ። ጀርመናዊው ጡረተኛ ይሄን ቢሰማ ወንበር ስቦ «ተቀመጥ» ይለው ነበር። ቋንቋቸው አንድ ነው።

እዚህ ላይ ግን ራሴን ልቆጣጠር። ስለ ገጠር ልጅ የሽቦ መኪና መጻፍ ቀላል ነው፤ ፎቶ ማንሳት ደግሞ ከሱም ይቀላል። ፈረንጁ ቱሪስት በሃያ ብር ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ የርዳታ ድርጅቱ የዓመት ሪፖርቱ ሽፋን ላይ ያወጣዋል፤ እኛም «የልጆቻችን ፈጠራ» ብለን እንኮራለን። ድህነትን ማስዋብ ይባላል ይሄ። ልጁ ሽቦ ያጣመመው ሌላ ስላጣ ነው። እህቱ ደግሞ ሽቦ እንኳ አላጣመመችም፤ እሷ ውሃ ወርዳለች፣ ኩበት ለቅማለች። ስለዚህ ቅኔ አንዝረፍበት። የማወዳድረው ሌላ ነገር ነው።

ጀርመናዊው ከንፋስ መውጫው ልጅ የሚበልጠው በእጅ አይደለም፤ በዓይንም አይደለም። በሁለት ነገር ይበልጠዋል። አንዱ ልክ ነው። የኛ ልጅ መጠኑን በዓይኑ ያመጣዋል፣ ያውም አሳምሮ፤ ግን «ከእውነተኛው ስንት እጅ ያንሳል?» የሚለውን ጥያቄ የጠየቀው ሰው የለም። ክፍልፋይ የሚባለውን ትምህርት ጧት ክፍል ውስጥ ተምሮ ጠልቶታል፤ ከሰዓት በኋላ በእጁ እየሠራው ስሙን አያውቀውም። ሁለተኛው ቅብብል ነው። ያኛው የዛሬ ስድሳ ዓመት የተጻፈ መጽሔት አለው፣ ማኅበር አለው፣ የሚያርመው ሽማግሌ አለው። የኛው ልጅ ግን ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው «ትልቅ ሰው ሆነሃል፣ አታፍርም?» ይባልና መኪናውን አጥር ላይ ሰቅሎት ይሄዳል። ታናሽ ወንድሙ ያንን ሽቦ አፍርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስንት ትውልድ እንዲህ እንደተመላለሰ እናንተው አስሉት።

ባቡርስ? ባቡር ለጋይንት ልጅ ምንድነው? በዚያ አገር «ባቡር» ማለት የእህል ወፍጮ ነው። «እናትህ የት ሄደች?» ሲባል «ባቡር ሄደች» ካለ ወደ ድሬዳዋ መሄዷ አይደለም፤ እህል ልታስፈጭ ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛው የእንፋሎት ስም የመጣ ነው፤ እየተንፏፏ የሚሠራ ሞተር ሁሉ በየተራው ወርሶታል። በአዲስ አበባ ደግሞ በምኒልክ ዘመን ነጋዴው ሰርኪስ ያስመጣው መንገድ የሚደመድም መኪና «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። ሐዲድ ያለው ባቡር ከጂቡቲ መሠራት ጀምሮ አዲስ አበባ እስኪገባ ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቶ በ1909 ዓ.ም. ደረሰ፤ ፈረንሳይኛው «ላ ጋር» በኛ አፍ «ለገሃር» ሆኖ ቀረ። ጋይንት ግን ከዚህ ሁሉ የደረሰው ስሙ ብቻ ነው።

እንዲያም ሆኖ ጋይንት ከባቡር ታሪክ ውጭ ነው ማለት አይቻልም። በ1860 ዓ.ም. የሆነውን አስቡት። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው በመስከረም ማለቂያ ላይ ወደ መቅደላ ተነሡ። ከኋላቸው ጋፋት ላይ የተቀለጠው ሴባስቶፖል፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ፣ በጋሪ ላይ ሆኖ በብዙ መቶ ሰው ይጎተታል። መንገድ የለም፤ መንገዱ ከፊት ከፊቱ ይሠራል፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሳሉ። በጋይንት አልፈው፣ በጨጨሆ ሽቅብ ወጥተው፣ ዋድላን አቋርጠው፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ነው፤ ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው። በነዚያው ወራት እንግሊዞች ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ከሕንድ ባመጡት ሐዲድና ሎኮሞቲቭ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መንገድ እየዘረጉ ነበር። ሐዲዱ ከየዓይነቱ የተለቃቀመ፣ ሎኮሞቲቮቹም ያረጁ ነበሩ፤ ቢሆንም ይሄዳል። ጦርነቱ ሲያልቅ ነቅለው ወሰዱት። እንግዲህ አንደኛው ወገን ሐዲድ እየዘረጋ፣ ሌላው መድፍ በገመድ እየጎተተ ወደ አንድ ተራራ ይገሰግሳሉ።

ሁልጊዜ የምንናገረው ስለ መድፉ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው፤ ዋናው መቅደላ አምባ ላይ ቀርቷል። እኔን የሚገርመኝ ግን ጋፋት ነው። እዚያ የነበሩት ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ መድፍ ቀልጦ ሲወርድ አይተው አያውቁም። የመጀመሪያ ሙከራቸው ከሽፏል። ደጋግመው ሞክረው ትንንሹ ሲሳካላቸው ነው ወደ ትልቁ የተሻገሩት። ትንሹ የትልቁ መማሪያ ነበር። ንጉሡ ግን ትንሹን አይተው አልረኩም፤ ትልቁን፣ ከዚያም የበለጠ ትልቁን ፈለጉ። ሲሞቱ ጋፋትም አብራ ሞተች። የተማረው እጅ ተበተነ፤ የቀረልን ሐውልት ነው።

ጃፓንን መጥቀስ ለኛ ምሁራን የቆየ ሕመም መሆኑን አውቃለሁ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ስንጠቅሳት ኖረን አንባቢው ሰልችቶታል። አንድ ጊዜ ብቻ ታገሡኝ፤ የማነሳው ንጉሥ ወይም ሕገ መንግሥት ሳይሆን አሻንጉሊት ሠሪ ነው። ታናካ ሂሳሺጌ ይባላል። በወጣትነቱ በየበዓሉ እየዞረ በጥርስና በክር የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች እያሳየ ነበር የሚተዳደረው፤ የኛ ሰው ቢያየው «አዝማሪ ነገር» ይለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1853 ሩሲያኖች በመርከብ ናጋሳኪ መጥተው ትንሽ የእንፋሎት ባቡር አሳዩ። በ1854 ደግሞ አሜሪካኖቹ ከነሐዲዱ የምትሄድ፣ የእውነተኛው አንድ አራተኛ የምታህል ባቡር በስጦታ ይዘው ዮኮሃማ ቀረቡ፤ አንድ የጃፓን ሹም ከጣሪያዋ ላይ ወጥቶ ካባው እየተንዘፈዘፈ ዞረባት ይባላል። ሌላው አገር ቢሆን ስጦታው ዕቃ ቤት ገብቶ ይቆለፍበት ነበር። ሳጋ የምትባለው ግዛት ግን ያንን አሻንጉሊት ሠሪ አስመጥታ «ሥራልን» አለችው። በ1855 ታናካና ባልደረቦቹ በጃፓናዊ እጅ የተሠራችውን የመጀመሪያዋን ትንሽ የእንፋሎት ባቡር አስኬዱ። ቴዎድሮስ የነገሡበት ዓመት ነው። ከ17 ዓመት በኋላ ቶኪዮና ዮኮሃማ በእውነተኛ ባቡር ተገናኙ። ሽማግሌው ታናካ በ1875 ቶኪዮ ላይ የከፈተው ወርክሾፕ ዛሬ ቶሺባ የምንለው ኩባንያ አንዱ ሥር ነው።

ታናካ ጋይንት ቢወለድ ምን ይባል ነበር? «ቀጥቃጭ» ይባል ነበር፤ ከዚያም ሲመሽ «ቡዳ» ይባል ነበር። አንሸፋፍነው። በጎንደር ምድር ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ለስንት ዘመን ልጅ ሲያገባ ተመርጦ፣ ዓይኑ ተፈርቶ፣ ማዕድ ተለይቶበት ኖሯል። ማረሻውን ግን ሁሉም ከሱ ይገዛል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል፤ አዋጅ ማስነገር ያስፈለጋቸው ስድቡ ስላለ ነው፤ ካለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ስድቡ ጡረታ አልወጣም። ዛሬ ቀጥቃጩ ማረሻውን የሚሠራው ካረጀ የጭነት መኪና ባልስትራ ነው። ልጁ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ የሚቆጥረው ባልስትራ በአባቱ እርሻ ላይ ማረሻ ሆኖ ይገኛል። እሱ ራሱ ግን ያንን ብረት ልንካ ቢል ቤቱ ይታመሳል።

ጋይንት ዕውቀትን ማክበር አያውቅም እንዳይባል ደግሞ ምስክር አለ። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት። ከየአገሩ የመጣ ደቀ መዝሙር ቁራሽ ለምኖ፣ ቁንጫ በልቶት፣ ለዓመታት ምልክቱን አንድ በአንድ ተቆጥሮበት፣ ስቶ ተመልሶ፣ በመጨረሻ መምህሩ «ይበቃሃል» ብለው ሲመሰክሩለት ነው የሚወጣው። ያቺ ምስክርነት ጎንደርም አዲስ አበባም ትሠራለች። እዩ እንግዲህ፤ ልክ አለ፣ ቅብብል አለ፣ የሚያርም ሽማግሌ አለ። የትንሽ ባቡር ማኅበርተኞች ያላቸው ነገር ሁሉ እዚያው ጋይንት ውስጥ ሞልቶ ተርፏል። ለጆሮ ማስመስከሪያ አበጅተን ለእጅ አላበጀንም።

ወደ ጨዋታው ስመለስ፣ «ከዚህ ምን ይወጣል?» ለሚለው ወዳጄ አንድ ነገር አለኝ። ኤም አይ ቲ በሚባለው ስመ ጥር የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የትንሽ ባቡር ክበብ አለ። ክበቡ በሁለት ወገን የተከፈለ ነበር። አንዱ ከጠረጴዛው በላይ ያለውን፣ ቤቱንና ዛፉን ይሠራል። ሌላው ከጠረጴዛው ሥር ተኝቶ የሽቦውን ጫካ ይገጣጥማል፤ ከስልክ ኩባንያ በተገኘ አሮጌ ዕቃ ባቡሮቹ እንዳይጋጩ የሚቆጣጠር መረብ ዘርግተው ነበር። ከጠረጴዛው ሥር የነበሩት ልጆች ናቸው በሃምሳዎቹ መጨረሻ ተቋሙ ኮምፒውተር ሲያገኝ ሌሊት ሌሊት እየሄዱ የተጣበቁበት። ዛሬ ዓለም በሙሉ የሚለው «ሃከር» የሚባል ቃል በዛሬ ትርጉሙ የተወለደው እነሱ መሐል ነው። ይሄ ሁሉ ሲሆን ማንም «አታፍሩም?» አላላቸውም።

አሁን ደግሞ የራሳችንን አዋቂዎች ጨዋታ ልተች። እኛም ሞዴል እንወዳለን፤ የምንወደው ግን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ሄጄ ሦስት ሰዓት ስጠብቅ የተቀመጥኩት ከአንድ ማኬት አጠገብ ነበር። ጣቢያው አለ፣ ባቡሩ አለ፣ የፕላስቲክ ዛፍ አለ፣ የፕላስቲክ ሕዝብ በደስታ ይንሸራሸራል። አቧራ ለብሷል። ባቡሩ አይንቀሳቀስም፤ እንዲንቀሳቀስም አልተሠራም። ጠጋ ብዬ ሳየው ሰዎቹ ከባቡሩ በር ይረዝማሉ፤ ልክ የለውም። የማኬቱ ሥራ እንዲታይ ነው፤ ሪባን ተቆርጦለታል፣ ሥራውን ጨርሷል። እውነተኛው እቃቃ ይሄ ነው ብል ልጆቹን ማስቀየም ይሆንብኛል፤ የልጅ እቃቃ ቢያንስ ይነዳል።

አገር አቀፉ የባቡር መረብ እ.ኤ.አ. በ2010 በዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሲነደፍ ከወልዲያ ወረታ የሚወርድ መስመርም ካርታው ላይ ተሥሎ ነበር። ካርታ የሚያውቅ ሰው ያ መስመር በምን በኩል ሊያልፍ እንደሚችል ያውቃል። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008፣ የጂቡቲው አዲስ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቁ፤ እሰየው። ከአዋሽ ወደ ወልዲያ ሐራ ገበያ፣ ከዚያም ወደ መቀሌ የሚወጣው ተጀምሮ ጦርነት መጣበት። የወረታው መስመር ከወረቀት አልወረደም። ጦርነቱ ግን በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ገብቶ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ልጅ የሚሠራው ያየውን ነው። በዚያ መንገድ ላይ ምን ሲያልፍ እንደከረመ ማንም አይነግረንም አንልም። ከሽቦና ከእንጨት ሌላም ነገር ይሠራል።

ትምህርት ቤት ሲባል አንድ ክፍል ትዝ አለኝ። በየትምህርት ቤቱ «የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል» የሚባል አለ፤ ድሮ «ፔዳጎጂካል ሴንተር» እንለው የነበረው። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ካካባቢ ዕቃ የመማሪያ መሣሪያ ይሠራበታል የተባለ ነው። አንዱን አስከፍቼ ገብቼ አውቃለሁ፤ ቁልፉ እስኪገኝ ግማሽ ቀን ሄዷል። ውስጡ በካርቶን የተሠራ ልብ፣ በካርቶን የተሠራ እሳተ ጎመራ፣ የካርቶን ሉል አለ። የሠሩት መምህራን ናቸው፤ ለግምገማ ነው። ተማሪ እንዳያበላሸው ይቆለፋል። በዚያው ትምህርት ቤት በር ላይ ዘበኛው ከልጆች የነጠቃቸው የሽቦ መኪኖች ተከምረው ነበር፤ አንድ አምስት ይሆናሉ፤ አንዱ ተሳቢ ነበረው።

ተሳቢ ያላትን የሠራው ልጅ በ2010 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ ላይ ከተዋወቅኳቸው አንዱ ነው። ሳርዲኗ ቆርቆሮ አንድ አልበቃው ብሎ ሦስት አከታትሎ ቀጥሏል፤ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሁልጊዜ ይገለበጥበታል። «ይሄማ ባቡር ሆነ» አልኩት። «ወፍጮ?» አለኝ። የለም፣ አልኩና ስለ ሐዲዱ ነገርኩት። አሰበ፤ «መሪው የታል?» አለ። ባቡር መሪ የለውም አልኩት። እንደ ውሸታም አየኝ። «ታዲያ እንዴት ይታጠፋል?»

ስንት ሚኒስትር፣ ስንት ጋዜጠኛ በባቡር ሲመረቅ ቆሞ ይሄን ጥያቄ ሳይጠይቅ ተመልሷል። መልሱ እግሩ ላይ ነው። የባቡር እግር ጠፍጣፋ አይደለም፤ ወደ ውጭ እየጠበበ የሚሄድ ሾጣጣ ነው፤ ሁለቱ እግሮች ደግሞ በአንድ ብረት ላይ አብረው የተተከሉ ናቸው። መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ያኔ የውጪው እግር በወፍራሙ፣ የውስጡ በቀጭኑ በኩል ይረግጣል። ወፍራሙ በአንድ ዙር ብዙ ይሄዳል፣ ቀጭኑ ጥቂት፤ ስለዚህ ራሱን በራሱ ያዞራል። ይሄን በቃል ብነግረው አልገባውም፤ እኔም በቃል ለማስረዳት አልቻልኩም። ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ አመጣ። አፍ ለአፍ ገጥመን በፕላስተር አሰርናቸው። ሁለት ቀጥ ያለ ዱላ ጎን ለጎን አጋድመን ከላይ ለቀቅነው፤ እየተወዛወዘ፣ ግራ ቀኝ እያለ፣ ሳይወድቅ እታች ደረሰ። ፈታውና ደግሞ ቂጥ ለቂጥ አሰረው። ይሄኛው ገና አንድ ስንዝር ሳይሄድ ወጣ። እንደገና ፈታው። እንደገና አፍ ለአፍ። ሌሎች ልጆች ተሰበሰቡ፤ አንዱ ዱላዎቹን ጎበጥ ባሉ እንጨቶች ቀየራቸው፤ ሌላው «ልኩን ጠበብ አድርገው» እያለ ያዛል። ፀሐይ ጠልቃ ከተማዋ ስሟን ያገኘችበት ነፋስ መምጣት ሲጀምር እናቱ ከጓሮ ብቅ ብለው የቡና ኩባያዎቻቸውን ጠየቁን።